ዓይንን የሚገሩ ስድስት ዛቦች

የባሌ ሰው ፈረስ ያውቃል። ዛቡን ወደ ቀኝ ሲስቡት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲስቡት ወደ ግራ ይዞራል። አንደኛው ዛብ ቢያጥርና ቢደርቅ ግን ፈረሱ አንገቱን ጠምዝዞ ይቀራል። የዓይናችንም ነገር እንዲሁ ነው። በሲናና ሜዳ ያለ ገበሬ አንገቱን ሳያዞር የስንዴ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር የሚቃኘው፣ እያንዳንዱን ዓይኑን ስድስት ጡንቻዎች እየሳቡ ስለሚመሩለት ነው።

አራቱ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከአፍንጫና ከጆሮ በኩል ይስባሉ። ሁለቱ ሰያፍ ናቸው። ከእነሱ አንዱ በአፍንጫ በኩል ባለች ትንሽ ቀለበት ውስጥ፣ በመዘውር ላይ እንደሚያልፍ ገመድ ታጥፎ ይሄዳል። የሁለቱ ዓይኖች አሥራ ሁለት ጡንቻዎች እኩል መሄድ አለባቸው። አንዱ ወደ ኋላ ከቀረ አንጎል ሁለት ምስል ይደርሰዋል፤ አንድ ላም ሁለት ሆና ትታያለች።

የዓይን ጡንቻ ብግነት የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ወይም ከአንድ በላይ ሲያብጥ ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው አይታወቅም፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ ጡንቻውን እንደ ባዕድ የሚያጠቃ ይመስላል። በአብዛኛው አንድ ዓይን ላይ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣል። ጎልማሶችን፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። ዋና ምልክቱ ዓይን ሲንቀሳቀስ የሚሰማ ሕመም ነው። ነገሮች ሁለት ሆነው መታየት፣ የዓይን ቆብ ማበጥ፣ መቅላትና የዓይን ወደ ፊት መውጣትም ይከተላሉ።

የባሌዎቹ ሮቤና ጎባ ብርዱም ፀሐዩም የሚበረታባቸው ደጋ ናቸው። ፊት ሲያብጥ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ነገር ግን የታመመው ጡንቻ ከዓይን ኳስ ኋላ ስላለ ቅጠሉ አይደርስበትም፤ ጭማቂው ዓይን ውስጥ ከገባም ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ጠብታም እንዲሁ አደገኛ ነው። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይን ግፊትን ይጨምራል፣ ሞራም ያስከትላል።

ብግነቱን የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞች አሉ። በአዋቂዎች ዘንድ የዓይን ጡንቻን የሚያሳብጠው ዋናው ምክንያት የታይሮይድ እጢ ሕመም ነው፤ አየርላንዳዊው ሐኪም ሮበርት ግሬቭስ በ1835 እ.ኤ.አ. የገለጸው። ይህኛው ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይኖች ቀስ ብሎ ይይዛል፣ ዓይን እንዲያፈጥ ያደርጋል። የልብ ትርታ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ክብደት መቀነስ ይታከሉበታል፤ ሲጋራ ያባብሰዋል። በአዮዲን እጥረት ከሚመጣው እንቅርት የተለየ ሕመም ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ከሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ካሉ የአየር ክፍተቶች) ወደ ዓይን ጉድጓድ የሚዛመት ኢንፌክሽን ነው። ዓይኑ ያበጠና ትኩሳት ያለው ልጅ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ሐኪሙ የዓይንን እንቅስቃሴ ይመረምራል፣ የታይሮይድ የደም ምርመራ ያዛል፣ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ጡንቻውን ያያል። በብግነቱ ጡንቻው አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጅማቱ ድረስ ያብጣል፤ በታይሮይዱ ብዙውን ጊዜ ጅማቱ ይተርፋል። መድኃኒቱ በአብዛኛው ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ነው፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይረግባል። ያን ጊዜ «ድኛለሁ» ብሎ ማቋረጥ በሽታውን ሊመልሰው ይችላል፤ መጠኑ በሳምንታት ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም የሳንባ ነቀርሳ አስቀድሞ ይመረመራል፤ ስኳርና የደም ግፊትም ይታያሉ።

እቤትዎ አንድ ነገር መሞከር ይችላሉ። ነገሮች ሁለት ሆነው ከታዩዎት አንድ ዓይንዎን ይሸፍኑ። ምስሉ አንድ ከሆነ ሁለቱ ዓይኖች አብረው መሄድ አቅቷቸዋል ማለት ነው። ያኔ ጎባ ወደሚገኘው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ይሂዱ፤ ከአቅም በላይ ሲሆን እንደ አዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ያሉ የዓይን ሕክምና ማዕከላት አሉ። ሲንቀሳቀስ የሚያም ዓይን በጠብታ የሚሸኝ አይደለምና ሳይመረመር አይደር።