ከቀይ ባሕር ወደ ደጋ፦ ጠላቂ ስለ ግፊት ማወቅ ያለበት

በየዓመቱ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የዓለማችን ትልቁ ዓሣ ዌል ሻርክ ወደ ጅቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ሊያዩት ከሚሄዱት ብዙዎቹ ከውሃው ፊት ሳይርቁ ይዋኛሉ፤ ሌሎች ደግሞ የአየር ሲሊንደር አዝለው በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ወዳለው ኮራል ይወርዳሉ። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቅርቡ ባሕር ይኸው ስለሆነ ስኩባ ዳይቪንግን እዚያ የሚጀምር ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ጀማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሻርክ ነው። ከሻርክ ይልቅ ሊያሳስበው የሚገባው ግን ግፊት ነው።

በባሕር ጠረፍ ላይ ሰውነታችን የሚሸከመው የአየር ግፊት አንድ አትሞስፌር ይባላል። ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ሌላ አንድ ይጨመርበታል፤ 10 ሜትር ላይ ሁለት፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት፣ 30 ሜትር ላይ አራት ይሆናል። ሥጋችንና ደማችን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ይህን ያህል ጫና አይሰማቸውም። የሚሰማቸው አየር የያዙ ክፍተቶች ናቸው፤ ጆሮ፣ ሳይነስ፣ ሳንባ፣ ከመነጽሩ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ። ሮበርት ቦይል በ1662 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ግፊት እጥፍ ሲሆን የአየሩ መጠን በግማሽ ይቀንሳል። ትልቁ ለውጥ ያለው እንግዲህ ጥልቁ ላይ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ 10 ሜትሮች ውስጥ ነው።

ለዚህም ነው ጆሮ ገና ሁለት ሜትር ሳይሞላ መጨነቅ የሚጀምረው። ጠላቂው አፍንጫውን በሁለት ጣት ይዞ፣ አፉን ዘግቶ ቀስ ብሎ ወደ አፍንጫው ይተነፍሳል። ጆሮው ውስጥ ትንሽ የመከፈት ድምፅ ይሰማና ጫናው ይለቀዋል። ይህን ማድረግ ያለበት ካመመው በኋላ ሳይሆን ከማመሙ በፊት፣ በየአንድ ሜትሩ ነው። አልከፈት ካለ አንድ ሜትር ወደ ላይ ተመልሶ እንደገና ይሞክራል። በኃይል መንፋት የጆሮን ታምቡር ከመቅደድ አልፎ የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ጉንፋን የያዘው ሰው ጭራሹን ባይገባ ይሻላል። አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ወስዶ መግባትም መፍትሔ አይደለም፤ ጠላቂው ውሃ ውስጥ እያለ መድኃኒቱ ኃይሉን ከጨረሰ፣ ወደ ላይ ሲወጣ የታመቀው አየር መውጫ ያጣል።

ከሁሉም ሕግ የሚቀድመው ግን አንድ ነው፦ ትንፋሽ አይያዝም። ከሲሊንደር የሚሳብ አየር በዙሪያው ካለው ውሃ ጋር እኩል ግፊት አለው። 10 ሜትር ላይ ሳንባውን በ4 ሊትር አየር የሞላ ሰው ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ፣ ያ አየር 8 ሊትር ለመሆን ይሞክራል። ሳንባ ደግሞ ይህን ያህል አይለጠጥም። ከተቀደደ አየሩ ወደ ደም ገብቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። አደጋው ጥልቅ ባሕር አይፈልግም፤ በመዋኛ ገንዳ ውስጥም ይደርሳል። በመሆኑም ደንግጦ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው እንኳ ሳያቋርጥ እያስተነፈሰ መውጣት አለበት።

መደንገጥን ካነሣን፣ ምቾት እዚህ ቦታ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። እስከ 200 ባር የተሞላ ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 2,400 ሊትር ያህል አየር ይይዛል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ውሃው ፊት ላይ ሆኖ ቢጠቀምበት ለሁለት ሰዓት ይበቃዋል። 30 ሜትር ላይ ግን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሆነ ያው አየር በግማሽ ሰዓት ያልቃል። የበረደው ወይም የፈራ ሰው ደግሞ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከዚያም ያነሰ ጊዜ ነው ያለው። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ ሞቃት በሚባለው ቀይ ባሕር እንኳ፣ በእስራኤሏ ኤላት አካባቢ በጥርና በየካቲት ውሃው ወደ 21 ዲግሪ ይወርዳል። ልኩ የሆነ የመጥለቂያ ልብስ ስለዚህ አየር ይቆጥባል። ከዕቃ ሁሉ አስቀድመው የራስዎን ይግዙ ብዬ የምመክረው ግን መነጽሩን ነው። ሲመርጡ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊትዎ ላይ ያድርጉትና በአፍንጫዎ አየር ይሳቡ፤ እጅዎን ሲለቁት ካልወደቀ ልክዎ ነው። ውሃ የሚያስገባ መነጽር ብዙ ጀማሪን አስደንግጦ ያለጊዜው አስወጥቷል።

ለጠላቂ ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ግን ከውሃ ሲወጣ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በግፊት ስር ስንተነፍሰው በደማችንና በሥጋችን ውስጥ ይሟሟል፤ ስንወጣ ደግሞ በሳንባ በኩል ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ከተቸኮለ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ የሟሟው ጋዝ ውስጥ ለውስጥ አረፋ ይሆናል። በኒው ዮርክ የብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ፣ ከወንዙ ወለል በታች በታመቀ አየር ውስጥ ይቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች በዚህ ሕመም ተሠቃይተዋል፤ ዋናው መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግም በ1872 ታሞ አልጋ ላይ ውሏል። ጥፋተኛው ናይትሮጅን መሆኑን ፈረንሳዊው ፖል በር በ1878 አሳየ። ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ደግሞ በፍየሎች ላይ ሞክሮ የመጀመሪያውን አስተማማኝ የመውጫ ሠንጠረዥ በ1908 አሳተመ። ዛሬ ይህን ስሌት ጠላቂው እጁ ላይ የሚያስረው ኮምፒውተር ይሠራለታል። ልማዱም ቀላል ነው፤ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳይፈጥኑ መውጣት፣ 5 ሜትር ላይ ሲደርሱ ሦስት ደቂቃ መቆየት።

ይሁን እንጂ ናይትሮጅኑ በሦስት ደቂቃ ተጠርጎ አይወጣም፤ ለሰዓታት ይቆያል። እኛ ደገኞች ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የአየር ግፊቷ ከጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ በበረራ ላይ ባለ የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ሊኖር ከሚችለው ዝቅተኛ ግፊት ጋር ይቀራረባል። የጠላቂዎችን ደኅንነት የሚከታተለው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ “በአውሮፕላን ካልሄድኩ ችግር የለውም” ይላል። ስሕተት ነው። ሰውነት የሚያውቀው ከፍታውን እንጂ መጓጓዣውን አይደለም። ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት በኋላ በመኪና ወይም በባቡር ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው አውሮፕላን ከተሳፈረው አይለይም። ከምጽዋ አስመራ ያለው መንገድ ደግሞ ይብሳል፤ በ115 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ውስጥ ከባሕር ጠረፍ ከ2,300 ሜትር በላይ ያወጣል። ከኤላት ተነሥቶ ወደ ኢየሩሳሌም የሚመለስም ቢሆን ከ700 ሜትር በላይ እንደሚወጣ ይወቅ፤ ምክሩ የሚቆጠረው ከ600 ሜትር ገደማ ጀምሮ ነው።

የሕመሙ ምልክቶች በብዛት በሰዓታት ውስጥ ይታያሉ፤ የትከሻ፣ የክርን ወይም የጉልበት ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ማዞር፣ የቆዳ መዥጎርጎር፣ ያልተለመደ ድካም። አስቸጋሪው ነገር ሰው “የመንገድ ድካም ነው”፣ “ብርድ መትቶኝ ነው” እያለ ማሳለፉ ነው። የመጀመሪያ እርዳታው ንጹሕ ኦክስጅን፣ ዋናው ሕክምና ደግሞ በግፊት ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ለጀልባው ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ኦክስጅን መያዛቸውንና ቅርቡ የግፊት ክፍል የት እንደሆነ ይጠይቁ። የጉዞዎን የመጨረሻ ቀን ያለ መጥለቅ፣ እዚያው ጠረፉ ላይ ያሳልፉት። አገር ቤት ከገቡ በኋላ ከነዚህ ምልክቶች አንዱ ከተሰማዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ሐኪሙ ሳይጠይቅዎትም፣ ባሕር ውስጥ ጠልቀው እንደነበርና መቼ እንደወጡ አስቀድመው ይንገሩት።