«ታድሶ ተመረቀ» ሲባል ምን እንጠይቅ?

በየዜናው ከምንሰማቸው ሐረጎች ሁሉ «ታድሶ ተመረቀ» የሚለውን የሚያህል የተለመደ ያለ አይመስለኝም። ሆቴል ይታደሳል፣ መናፈሻ ይታደሳል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ «ደረጃውን የጠበቀ» ይባላል፣ በቃ ዜናው ያልቃል። እኔ የናዝሬት ልጅ ስለሆንኩ ይህን ሐረግ በሰማሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ሶደሬ ይሄዳል።

ሶደሬን የማያውቅ አንባቢ ካለ በአጭሩ ላስተዋውቀው። ከአዳማ በስተደቡብ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር፣ ከመሬት ፈልቶ የሚወጣ ውሃ ያለበት ቦታ ነው። ሰው ቅዳሜና እሁድ ለመዋኘት ይሄዳል፤ ወገቡን ወይም ጉልበቱን የሚያመው ደግሞ ለመዘፍዘፍ ይሄዳል። ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ምሳህን ሊነጥቁ የሚያደቡ ጦጣዎች አሉ። ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ተጀምሮ በጥር 1997 የተጠናቀቀው የሶማሊያ አንጃዎች የሰላም ጉባኤ የተካሄደው እዚሁ ነው። ለረጅም ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቶ በኋላ ወደ ግል ተዛውሯል። ስለዚህ ሶደሬን ማደስ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ትዝታውን እዚያ ያስቀመጠ ሰው ብዙ ነው።

አንድ የክፍላችን ልጅ «ሶደሬ ላይ መርከብ የሚመስል ሬስቶራንት ቢሠራ እኮ ሰው ይጎርፍ ነበር» ብሎ ሲያወራ «እንዴ! አዋሽ ላይ ደግሞ ምን መርከብ አለ?» ብለን ሳቅንበት። ሐሳቡ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገር ተሠርቶ፣ አርጅቶ፣ ሁለት ጊዜም ታድሷል። የእሱን ታሪክ ብናይ ስለ እድሳት ብዙ ያስተምረናል።

ቦታው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ነው። የዲዝኒ ኩባንያ ከመዝናኛ ፓርኩ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1975 በሐይቅ ዳር የገበያ መንደር ከፈተ። በ1977 ደግሞ እዚያው ሐይቅ ላይ የድሮ የሚሲሲፒ ወንዝ መርከብ የሚመስል የምግብ ቤት ሠራ። ስሙ በዋልት ዲዝኒ ባለቤት በወይዘሮ ሊሊያን ስም «ኤምፕረስ ሊሊ» ተባለ። ከላይ ጭስ ማውጫ፣ ከኋላ ትልቅ የሚሽከረከር መቅዘፊያ ነበረው። ሲያዩት አሁን ተነስቶ የሚሄድ ይመስላል። ግን አንድ ሜትር እንኳ አይሄድም፤ ምክንያቱም መርከብ አይደለም። ውሃ ውስጥ በተጣለ የኮንክሪት መሠረት ላይ የቆመ ቤት ነው።

የእድሳቱ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እውነተኛ መርከብ ሲያረጅ ከውሃ ይወጣል፣ ሆዱ ይፈተሻል፣ የዛገው ተቆርጦ ይቀየራል። መርከብ መሳይ ቤት ግን የሚጠገነው በቆመበት ነው። እንጨት ደግሞ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ከሆነ አየር ስለማያገኝ በቀላሉ አይበሰብስም፤ ሁልጊዜ ደረቅ ከሆነም ይቆያል። ቶሎ የሚበሰብሰው አንዴ የሚርስ፣ አንዴ የሚደርቀው ነው። ውሃ የሚረጨውን የመቅዘፊያ መንኮራኩር አስቡት።

እ.ኤ.አ. በ1995 ቤቱ ለመጀመሪያው ትልቅ እድሳት ተዘጋ። ያረጁት መቅዘፊያና ጭስ ማውጫዎች ተነሡ። በ1996 «ፉልተንስ ክራብ ሃውስ» በሚል አዲስ ስም የሸርጣንና የአሳ ምግብ ቤት ሆኖ ተከፈተ። በሒሳብ ካየነው ውሳኔው ያስኬዳል፤ መንኮራኩር ምግብ አያበስልም፣ ወንበር አይጨምርም፣ የሚያመጣው የጥገና ወጪ ብቻ ነው።

ሃያ ዓመት አለፈ። የገበያ መንደሩ ስሙን ደጋግሞ ቀይሮ በ2015 «ዲዝኒ ስፕሪንግስ» ተባለ፤ ዙሪያው ሁሉ አዲስ ሲሆን መርከቡ አሮጌ መስሎ ታየ። በ2016 እንደገና ተዘጋ፣ ውስጡ ፈርሶ በአዲስ ተሠራ፣ ትልልቅ መስኮቶችና በጣሪያው ላይ መቀመጫ ተጨመሩለት። በየካቲት 2017 «ፓድልፊሽ» ተብሎ ተከፈተ። ከኋላውም መንኮራኩር ተመልሶ ነበር! መጀመሪያ «አያስፈልግም» ተብሎ የተነሣው ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ በገንዘብ ተመልሶ መጣ። ለምን? ያለ መንኮራኩር ያ ቤት ውሃ ዳር የቆመ ማንኛውም ቤት ነዋ! ሰው ከሌላው ለይቶ የሚያውቀው በእሱ ነበር።

«ይሄ የአሜሪካ ነገር ነው፣ እኛ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። የወንዝ መርከብ ግን ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ ነበር። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የተነሡ የእንፋሎት መርከቦች በሶባት በኩል ጋምቤላ ይደርሱ ነበር፤ ሲመለሱ ቡና ይጭናሉ። ጣቢያው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። መርከብ የሚመስል ምግብ ቤት ይሠራ ከተባለ ታሪክ ያለው ለጋምቤላ ነው። አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀር ወንዝ ነው። ሶደሬ ላይ መርከብ መትከል የሌላ ሰው ልብስ እንደ መልበስ ይሆናል።

ታዲያ የሶደሬ «መንኮራኩር» ምንድን ነው? እንደኔ ፍል ውሃው፣ ጥላው፣ ጦጣዎቹና ምግብ ሲበሉ የሚሰማው የአዋሽ ድምፅ ናቸው። ዛፍ ተቆርጦ የመኪና ማቆሚያ ቢነጠፍ ወረቀት ላይ ትርፍ ይመስላል፤ በሸራ ጥላ ሥር የሚበላ ምሳ ግን አዳማ ከተማ ውስጥም ሞልቷል። መንኮራኩርን በገንዘብ መመለስ ይቻላል። የትልቅ ዛፍን ጥላ ግን ለመመለስ የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል መጠበቅ ነው።

የማይታየው ሥራም አለ። ፍል ውሃ ከመሬት ውስጥ ማዕድን ይዞ ስለሚወጣ እንደ ጀበና ዝቃጭ በቧንቧ ውስጥ እየተጋገረ ያጠባል፤ እንፋሎቱ ብረት ያዝጋል። አዋሽ ከቆቃ ግድብ (እ.ኤ.አ. 1960) በኋላ ቢገራም በክረምት ጭቃ ይዞ መምጣቱን አልተወም። ቀለም ተቀብቶ፣ አዲስ ወንበር ገብቶ፣ ቧንቧውና የፍሳሽ መስመሩ ግን የድሮው ከሆነ ያ እድሳት ሳይሆን ኩል መኳል ነው።

ስለዚህ ነገ ማይክሮፎን ይዘን እንዲህ ያለ ምረቃ ላይ ስንቆም አራት ጥያቄዎች ይኑሩን። አንደኛ፣ ምን ተነሣ፣ ምን ቀረ፣ ማንስ ወሰነ? ሁለተኛ፣ ከወለሉ በታች ምን ተቀየረ? የፎቶ ባለሙያው የማያነሣውን እንይ። ሦስተኛ፣ ቤቱ በተዘጋባቸው ወራት አስተናጋጆቹ፣ አብሳዮቹ፣ በሩ ላይ ፎጣና ቆሎ የሚሸጡት ልጆች ምን ሆኑ? አራተኛ፣ ከእድሳቱ በኋላ መግቢያው ስንት ሆነ? ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ዛሬም ከፍለው መግባት ይችላሉ?

እነዚህ ጥያቄዎች ባለሀብቱን ለማሸማቀቅ አይደሉም። በደንብ ያደሰ ሰው መልሱን በደስታ ይናገራል፤ እንዲያውም ቧንቧውን ራሱ ይዞን ሄዶ ያሳየናል። የክፍላችን ልጆች ደግሞ ከሐዋሳም፣ ከደሴም፣ ከጅማም የመጣን ነን። ለዕረፍት ስንሄድ እያንዳንዳችን በከተማችን «ታደሰ» የተባለ አንድ ቤት መርጠን አራቱን ጥያቄዎች ብንጠይቅ፣ ለሚቀጥለው ቡለቲን የሚሆን ጥሩ ጽሑፍ አይጠፋም። እኔ ከሶደሬ እጀምራለሁ።