የሆቴል ፖይንት በቅናሽ ሲሸጥ፦ እንግዛ ወይስ እንለፈው?

ሂልተን ለአባላቱ በየጊዜው የሚልከው መልእክት አለ፦ 80,000 ፖይንት ግዙ፣ ሌላ 80,000 እንመርቅላችኋለን። ዓይን የሚስብ ነገር ነው። ነገር ግን ምርቃቱ መቶ በመቶ መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ማወቅ ያለብን በነዚህ ፖይንቶች የምናድርበት ክፍል በገንዘብ ቢከፈል ስንት እንደሚያወጣ ነው። ስሌቱን አንዴ ከለመዳችሁት ደስ የሚል ነገር አለውና አብረን እንስራው።

በመደበኛው ጊዜ ሂልተን 1,000 ፖይንት የሚሸጠው 10 ዶላር ነው፤ አንዱ ፖይንት አንድ ሳንቲም ደረሰ ማለት ነው። መቶ በመቶ ሲመረቅ ግማሽ ሳንቲም ይሆናል። ይህ ቅናሽ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመጣ እኔ ትክክለኛ ዋጋው ግማሽ ሳንቲም ነው ብዬ ነው የማስበው። በሙሉ ዋጋ መግዛት የሚያዋጣው ለቆረጠው አዳር ጥቂት ሺህ ፖይንት የጎደለውን ሰው ብቻ ነው።

አሁን ዋሽንግተን ዲሲ ያለ አንድ ሆቴል እናስብ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። የአንድ አዳር ዋጋ 200 ዶላር ተብሎ ተጽፏል። የከተማው የሆቴል ግብር ወደ 16 በመቶ ስለሚጠጋ ከኪሳችሁ የሚወጣው 232 ዶላር ነው። በፖይንት ስታስይዙ ግብሩ የለም፤ ሆቴሉ 40,000 ፖይንት ከጠየቀ በግማሽ ሳንቲም ሂሳብ 200 ዶላር ይመጣል። 32 ዶላር አተረፍን? ቆይ፣ አንድ ነገር ቀርቷል። በገንዘብ ብትከፍሉ ኖሮ አብዛኞቹ የሂልተን ሆቴሎች ለያንዳንዱ ዶላር 10 ፖይንት ይሰጧችሁ ነበር። ለ200 ዶላር 2,000 ፖይንት፣ ማለትም 10 ዶላር። ስለዚህ እውነተኛው ትርፍ 22 ዶላር ነው። ያው ሆቴል 60,000 ፖይንት ቢጠይቅ ደግሞ ክፍሉ 300 ዶላር ይሆንብናል፤ ያኔ ቅናሹን አልፎ በገንዘብ መክፈል ይሻላል።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ግን አምስተኛው አዳር ነው። ሂልተን ከሲልቨር ደረጃ ጀምሮ ላሉ አባላት አምስት ቀን በተከታታይ በፖይንት ሲያድሩ አምስተኛውን በነጻ ይሰጣል። ክፍሉ መደበኛ የሚባለው መሆን አለበት። በምሳሌያችን አምስቱን አዳር በ160,000 ፖይንት ታገኛላችሁ፤ 800 ዶላር ማለት ነው። በገንዘብ ከነግብሩ 1,160 ዶላር ነበር። የሚቀርባችሁን የ50 ዶላር ፖይንት ብትቀንሱ እንኳ 310 ዶላር በእጃችሁ ይቀራል። ለአንድ ቀን እዚህ ግባ የማይባለው ቅናሽ ለአምስት ቀን ሲሆን መልኩ ተቀየረ! እንደ ላስ ቬጋስና ሃዋይ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ብዙ ሆቴሎች በየቀኑ «የሪዞርት ክፍያ» ይጨምራሉ። ሂልተንና ሃያት በፖይንት ለሚያድር ይህን ይተዉለታል፤ ማሪዮት ግን ያስከፍላል።

ለመሆኑ ድርጅቱ ምን ተጠቅሞ ነው ፖይንት በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው? አብዛኛው የሆቴል ሕንጻ የሂልተን ሳይሆን የሌላ ባለንብረት ነው። እናንተ በፖይንት ስታድሩ ለባለንብረቱ የሚከፍለው የአባላት ፕሮግራሙ ነው። ሆቴሉ ባዶ ክፍል ካለው የሚከፈለው ትንሽ ነው፤ ሞልቶ ከሆነ ግን ወደ መደበኛው ዋጋ ይጠጋል። ለፕሮግራሙ ትልቁ ጥቅም ገንዘቡን ዛሬ መቀበሉ፣ አልጋውን ግን ነገ መስጠቱ ነው። ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሆቴሎችን ባዶ ባስቀረበት ወቅት ሂልተን ለአሜሪካን ኤክስፕረስ የ1 ቢሊዮን ዶላር ፖይንት በቅድሚያ የሸጠው ለዚሁ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልገው ነበር።

ፖይንት ገዝቶ ማከማቸትን የማልመክረውም ገንዘቡ ዛሬ ተከፍሎ አልጋው ነገ የሚሰጥ በመሆኑ ነው። ፖይንቱን የሚያወጣውም፣ የክፍሉን ዋጋ በፖይንት የሚተምነውም ያው ድርጅት ነው። ሂልተን ለየሆቴሉ ደረጃ የወሰነውን የዋጋ ሰንጠረዥ በ2017 እ.ኤ.አ. አነሳ፤ ማሪዮት በ2022 ተከተለ። ማልዲቭስ ያለው ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሲከፈት መደበኛ ክፍሉ 120,000 ፖይንት ነበር፤ በኋላ 150,000 ገባ። ለ120,000ው ብሎ አስቀድሞ የገዛ ሰው ምንም ሳያጠፋ አንድ አምስተኛው ዋጋ ከእጁ ወጣ።

ድርጅቶቹን በምርቃት መጠን ማወዳደርም አያዋጣም። የሃያት ፖይንት መደበኛ ዋጋ 2.4 ሳንቲም ነው፤ ነገር ግን በጥቂት ፖይንት ብዙ ያሳድራል። የማሪዮት 1.25 ሳንቲም ነው። የሃያት 25 በመቶ ቅናሽ ከሂልተን መቶ በመቶ ምርቃት የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ የሚለየው የምትፈልጉት ክፍል ነው።

ለሠርግ ወይም ለበዓል ወደ አዲስ አበባ የምትመጡም ይህን ስሌት ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ሂልተን አለ፣ ሸራተን አዲስ በማሪዮት ፖይንት ያሳድራል፣ መስቀል አደባባይ ደግሞ ሃያት ሪጀንሲ አለ። ዋጋ ስታነጻጽሩ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንደሚደመር አስታውሱ። 200 ዶላር የተባለው ክፍል ሂሳቡ ሲመጣ 253 ዶላር ነው።

የተገዛ ፖይንት አይመለስም፤ በፖይንት የተያዘን ክፍል መሰረዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቻል ፖይንቱ ወደ አካውንታችሁ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን አስገብታችሁ መደበኛ ክፍል በፖይንት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ ግዙ። ብዙ ጊዜ የገዛችሁት ወዲያው ይገባል፤ ያን ጊዜውኑ ክፍሉን ያዙት። ግብይቱን የሚያስተናግደው በአብዛኛው ሌላ ኩባንያ በመሆኑ ክሬዲት ካርዳችሁ እንደ ሆቴል ወጪ ቆጥሮ ተጨማሪ ፖይንት አይሰጥበትም። አንድ ሰው በዓመት ሊገዛ የሚችለው የተወሰነ ነው፤ ለአምስቱ አዳር የጎደላችሁ ካለ ሂልተን የቤተሰብና የወዳጅ ፖይንት ያለ ክፍያ አንድ ላይ ማዋጣት ይፈቅዳል፤ እህታችሁም በራሷ አካውንት ገዝታ ልታዋጣላችሁ ትችላለች።