የጡት ካንሰር ሕክምና ከመጀመሩ በፊት፦ እምነትና ተስፋ ከሐኪም ምክር ጋር እንዴት ይሄዳሉ?

አንዲት ሴት የጡት ካንሰር እንዳለባት ከተነገራት ዕለት አንስቶ የመጀመሪያው ሕክምና እስኪሰጣት ድረስ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ያልፋሉ። እነዚህ ሳምንታት በምርመራ፣ በቀጠሮና በብዙ ሐሳብ የተሞሉ ናቸው።

በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው መንትያ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ እንደ ደብረ ሰላም መድኃኔዓለም ያሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ የወንጌላውያን ጉባኤዎችና መስጊዶች የማኅበረሰቡ መሰብሰቢያ ናቸው። በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ ለምትኖር ታማሚ ከሕክምናው ጋር ሌሎች ጥያቄዎችም አብረው ይነሳሉ፦ ጸበሉስ? ጾሙስ? መድኃኒት መጀመር እምነት ማጣት ይሆን?

ጊዜው ለምን ወሳኝ ሆነ?

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በአውሮፓውያኑ 2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 670 ሺህ የሚሆኑት ሞተዋል። በኢትዮጵያም በሴቶች ላይ ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ይኸው ሲሆን፣ ብዙዎች ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

በአሜሪካ ካንሰሩ ከጡት ሳይወጣ ከተደረሰበት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በሕይወት የመቆየት ዕድል ከ99 በመቶ በላይ ነው። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ በኋላ ግን ይህ ዕድል ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል።

ለምርመራ የሚጠፋው ጊዜ በከንቱ አይባክንም። ዕጢው ሆርሞን ተቀባይ መሆኑ፣ ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን መብዛቱና የደረሰበት ደረጃ ሳይታወቅ ትክክለኛውን ሕክምና መምረጥ አይቻልም። አሳሳቢው ከዚያ በኋላ የሚመጣው መዘግየት ነው። በ2020 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት የጡት ቀዶ ሕክምና በአራት ሳምንት በዘገየ ቁጥር የሞት አደጋው በ8 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ይፋ ባደረጉት ጥናት ደግሞ፣ ዘመናዊውን ሕክምና ትተው በአማራጭ መድኃኒት ብቻ የተማመኑ የጡት ካንሰር ታማሚዎች የሞት አደጋ ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ጸበልና መድኃኒት

ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት በተስፋፋበት ወቅት አንዳንድ ምዕመናን ጸበል ብቻ ይበቃናል ብለው መድኃኒቱን አቋርጠው ነበር። በ2007 ግን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ይህ አቋም ለካንሰር ታማሚም ትምህርት ይሆናል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች ግን አሉ። ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሴሎችን ስለሚቀንስ ሰውነት ተሕዋስያንን የመከላከል አቅሙ ይዳከማል። በዚህ ጊዜ ያልተጣራ የምንጭ ውኃ መጠጣትም ሆነ ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ ክትፎ መመገብ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ (100.4 ፋራናይት) ከደረሰ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መደወል ያስፈልጋል። ጥቁር አዝሙድን የመሳሰሉ የባህል መድኃኒቶችም ከኬሞው ጋር ሊጋጩ ስለሚችሉ ከሐኪም ሊደበቁ አይገባም።

የአንገት ማዕተብና መስቀል በቀዶ ሕክምናና በጨረር ወቅት እንዲወልቁ ሊጠየቅ ይችላል። ጉዳዩን አስቀድሞ ለነርሷ መንገር፣ በዕለቱ ከመደናገጥ ያድናል።

ጾምን በተመለከተ

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የታመመ ሰው የንስሐ አባቱን አማክሮ ከጾም ሊያርፍ ይችላል፤ በእስልምናም ሕመምተኛ ጾሙን ለሌላ ጊዜ እንዲያስተላልፍ ይፈቀድለታል። በኬሞ ወቅት ሰውነት በቂ ምግብ፣ በተለይም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ፕሮቲን አላቸው፤ ለታማሚ የሚከብደው እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ ያለ እህል ውኃ መቆየቱ ነው። ስለዚህ ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም ጋር የሚደረገው ውይይት ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

"በርቺ" የሚለው ቃል ሲከብድ

ያዘነች ወይም ያለቀሰች ታማሚ እምነቷ እንደጎደለ፣ በሽታዋም በዚህ ምክንያት እንደሚብስ ሊሰማት ይችላል። በ2007 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ኮይንና ባልደረቦቻቸው 1 ሺህ 93 የራስና የአንገት ካንሰር ታማሚዎችን ተከታትለው፣ የስሜት ሁኔታ የዕድሜን ርዝመት እንደማይወስን ደርሰውበታል። በእንባ ምክንያት ዕጢ አያድግም።

እምነት የሚያግዘው በሌላ መንገድ ነው። የሃይማኖትና የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬኔት ፓርጋመንት ሁለት ዓይነት አካሄዶችን ይለያሉ፦ ፈጣሪን እንደ አጋዥ ማየትና ሕመምን እንደ ቅጣት መቁጠር። ሁለተኛው ከከፋ ጭንቀትና ድባቴ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ ጎረቤትና ወዳጅ "ምን በድለሽ ነው?" ከማለት ይልቅ ምግብ ቢያደርስ፣ ልጆችን ቢጠብቅ፣ በሚኒሶታ ክረምት በረዶ ወደ ጨረር ሕክምና በመኪና ቢያመላልስ ተስፋን በተግባር ይሰጣል።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት

የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም። የጤና መድን ለሌላቸው ሴቶች የሚኒሶታ ጤና መምሪያ "ሴጅ" በተባለው ፕሮግራሙ ነፃ ምርመራ ያቀርባል፤ ካንሰር ሲገኝም ለሕክምናው ድጋፍ የሚገኝበት መንገድ አለ። ከ2026 መባቻ ወዲህ ደግሞ በግዛቲቱ በጠና የታመመ ሠራተኛ እስከ 12 ሳምንት የሚደርስ ክፍያ ያለው የሕክምና ዕረፍት መጠየቅ ይችላል።

ወደፊት ልጅ መውለድ የምትሻ ታማሚ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት እንቁላል ስለማስቀመጥ መጠየቅ ይኖርባታል። ሆስፒታሎች የሃይማኖት አማካሪዎች ስላሏቸው፣ ጸሎት የምትሻ ታማሚ ይህንኑ ለነርሷ ብትነግራት ያገናኟታል፤ የራሷን ካህን፣ ፓስተር ወይም ኢማም መጥራትም ትችላለች።