የመንገድ ጥገና ኃላፊነት በአጎራባች አስተዳደሮች መካከል፦ ከቦርደዴ አካባቢ የሚነሣ ጥያቄ

ቦርደዴ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽ በኩል ወደ ሚኤሶ፣ ጭሮና ሐረር በሚያቀናው አውራ መንገድ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከተማዋን የያዘው የጉምቢ ቦርደዴ ወረዳ ቀድሞ የሚኤሶ ወረዳ አካል የነበረ ሲሆን ከአፋር ክልልም ጋር ይዋሰናል። ዋናውን አስፋልት የመጠገን ኃላፊነት የፌዴራል መንግሥት መሆኑ አያከራክርም። ከአስፋልቱ ተገንጥለው ወደ አጎራባች ወረዳዎች ወይም የክልል ወሰን ተሻግረው ወደ ጎረቤት ቀበሌዎች የሚዘልቁ የጠጠርና የአፈር መንገዶች ጉዳይ ግን የተለየ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ባለቤቱ ይለወጣል፤ ተጓዡና ጎርፉ ግን ወሰኑን አያውቁትም።

የሕጉ አደረጃጀት ለጥያቄው ከፊል መልስ ብቻ ይሰጣል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 ሁለት ወይም ከሁለት በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በየክልሉ ውስጥ ያሉት መንገዶች የክልሎች ድርሻ ናቸው። ስለዚህ የሁለት ክልሎችን ቀበሌዎች የሚያገናኝ፣ ነገር ግን የአውራ መንገድ ደረጃ የሌለው መንገድ በሙሉ ርዝመቱ አንድ ተጠያቂ የለውም፤ እያንዳንዱ ክልል እስከ ወሰኑ ድረስ ብቻ ይጠየቃል። ገንዘቡም ይህንኑ መስመር ይከተላል። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ሽያጭ፣ ከተሽከርካሪዎች ዓመታዊ ፈቃድ ዕድሳትና ከትርፍ ጭነት ቅጣት የሚሰበሰበውን ገንዘብ ለፌዴራልና ለክልል የመንገድ መሥሪያ ቤቶች እንዲሁም ለከተማ አስተዳደሮች ያከፋፍላል። በሌላ በኩል ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም የተሠሩት ቀበሌ አገናኝ መንገዶች የወረዳዎችን የጥገና ሸክም አክብደውታል።

አጎራባች አስተዳደሮች ኃላፊነትን ለመከፋፈል በቅድሚያ የሚያስቡት ቀላል መለኪያ ርዝመት ነው፦ እያንዳንዱ በወሰኑ ውስጥ ያለውን ይጠግናል። የዚህን መለኪያ ጉድለት ለማስረዳት 30 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን አንድ መንገድ በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። 24ቱ ኪሎ ሜትር በአንደኛው ወረዳ፣ 6ቱ በሁለተኛው ይገኛል እንበል፤ ገበያውና ጤና ጣቢያው ከስድስቱ ኪሎ ሜትር ማዶ ናቸው። የሁለተኛው ወረዳ ነዋሪዎች በዚያ ቁራጭ መንገድ እምብዛም ካልተጠቀሙበት፣ ወረዳው ውስን በጀቱን ሌላ ቦታ ማዋሉ ከራሱ አንጻር ምክንያታዊ ነው። ይሁን እንጂ በስድስቱ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ካልቨርት ቢደፈን ሃያ አራቱም ኪሎ ሜትር ዋጋ ያጣል። የመንገድ ጥቅም የሚለካው በደከመው ክፍሉ ነውና፣ አንደኛው ወረዳ የራሱን 24 ኪሎ ሜትር አሳምሮ ከመጠገን ይልቅ ከገንዘቡ ጥቂቱን ለጎረቤቱ 6 ኪሎ ሜትር ቢያውል የበለጠ ይጠቀማል። ችግሩ በሌላው አስተዳደር ክልል ውስጥ ገንዘብ ለማውጣት የሚያስችል የበጀት ርዕስም ሆነ ስምምነት አብዛኛውን ጊዜ አለመኖሩ ነው።

በቦርደዴ ዙሪያ ያለው የመሬት አቀማመጥ ሌላ መለኪያ ይጨምራል። በጨርጨር ደጋ የሚጥለው ዝናብ በደረቅ ወንዞችና በሸለቆዎች ወርዶ ቆላው ላይ በድንገት ይደርሳል። መንገዱን የሚሸረሽረው ጎርፍ የሚመነጨው ከአንዱ አስተዳደር ሲሆን ጉዳቱ የሚደርሰው በሌላው ላይ ነው። ቆላው ብቻውን ቦይ ቢጠርግና የፈረሰውን ቢጠግን፣ ደጋው ላይ የእርከን ሥራ ካልተሠራ በየክረምቱ ያንኑ ሥራ ይደግማል። ስለሆነም ፍትሐዊ ክፍፍል ከርዝመት በተጨማሪ ሁለት ነገሮችን መመዘን አለበት፦ በመንገዱ የሚጠቀመው ማን ነው፣ ጉዳቱስ የሚመነጨው ከየት ነው?

ጥያቄው ለሌላውም ዓለም እንግዳ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1555 የወጣ ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ በወሰኑ ውስጥ ያለውን መንገድ በነዋሪዎቹ ጉልበት እንዲጠግን ያዝዝ ነበር። አጥቢያዎች ለየብቻቸው አቅም ስላነሣቸው እ.ኤ.አ. የ1862 ሕግ በአንድ የመንገድ ዲስትሪክት ሥር እንዲሰባሰቡ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የመንገዶች ሕግ ደግሞ አንዱ የአካባቢ አስተዳደር የሌላውን የመንገድ ሥራ በስምምነት እንዲሠራ ይፈቅዳል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ወሰንን ማፍረስ ሳይሆን የሥራውን ፈጻሚ ከወጪው ተጋሪ መለየት ነው፤ አንድ መንገድ አንድ ጠጋኝ ይኖረዋል፣ ወጪው ግን የጋራ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ ትብብር መነሻ የሚሆን ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1231/2013 የፌዴራልና የክልል መንግሥታትን የግንኙነት ሥርዓት ደንግጓል። በዚህ መንፈስ በአጎራባች ወረዳዎች መካከል የሚደረግ ስምምነት ቢያንስ አራት ነጥቦችን መያዝ ይኖርበታል፦ በጋራ የሚጠገኑትን መንገዶች ዝርዝር፤ ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ ፈጻሚ አካል፤ ርዝመትን፣ አጠቃቀምንና የጎርፍ ምንጭን ያገናዘበ የወጪ ቀመር፤ እንዲሁም ከክረምት በፊትና በኋላ የሚካሄድ የጋራ ፍተሻ። ስምምነቱ የመንገድ ጥገናን ብቻ እንደሚመለከትና ለወሰን ይገባኛል ጥያቄ ማስረጃ እንደማይሆን በግልጽ መጻፉም ተገቢ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 48 የክልል ወሰን ክርክሮች የሚፈቱበትን ሌላ መንገድ አስቀምጧልና። ይህ ካልተጻፈ ቦይ የሚጠርግ ሠራተኛ ወሰን እንደሚገፋ ሊቆጠር ይችላል።

ጥገናን ማዘግየት ወጪ መቆጠብ አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የልማት ሪፖርት፣ በአፍሪካ በወቅቱ ቢወጣ ኖሮ 12 ቢሊዮን ዶላር ይበቃ የነበረው ጥገና፣ ወደ 45 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የመልሶ ግንባታ ወጪ ያስቀር እንደነበር ገልጿል። በወረዳ ደረጃ ይህ ስሌት ወላድ እናት ጤና ጣቢያ በመድረሷና ባለመድረሷ፣ ከብት ወደ ገበያ በመውጣቱና ባለመውጣቱ ይገለጻል። ወሰን ላይ የቆመ መንገድ ሁለቱም አስተዳደሮች ድርሻቸውን ተወጥተው እንኳ ሊቆረጥ ይችላል፤ የሚቀጥለው ስለ ሙሉ ርዝመቱ የሚጠየቅ አንድ አካል ሲኖረው ነው።