ጎኑ እጥፍ ሲሆን ውሃው ስምንት እጥፍ ነው

በኩብ ቅርጽ የኮንክሪት ውሃ ማጠራቀሚያ ለማሠራት የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ጎኑን ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ብናሳድገው እጥፍ ውሃ ይይዛል» ይላሉ። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። የኩብ ይዘት ጎን ሲባዛ በጎን ሲባዛ በጎን ስለሆነ፣ ባለ 1 ሜትሩ 1 ሜትር ኩብ ማለትም 1,000 ሊትር ሲይዝ ባለ 2 ሜትሩ 8,000 ሊትር ይይዛል። የገጽታ ስፋቱ ደግሞ የአንዱ ፊት ስፋት በ6 ተባዝቶ የሚገኝ ነው፤ ከ6 ካሬ ሜትር ወደ 24 ያድጋል፣ አራት እጥፍ ብቻ። ያንኑ 8,000 ሊትር በስምንት ትንንሽ ማጠራቀሚያዎች ልያዝ የሚል ሰው 48 ካሬ ሜትር ይለስናል። አንድ ትልቅ ማሠራት ያዋጣል የምለው ለዚህ ነው።

«የትልቁ ግድግዳ ይወፍራል፣ ፌሮም ይበላል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት ነው። ሙሉ ሲሆን ከሥሩ ያለው የውሃ ግፊት እጥፍ፣ አንዱን ግድግዳ የሚገፋው ጠቅላላ ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የልስኑ ቁጠባ የተረጋገጠ ሲሆን የኮንክሪቱና የፌሮው ግን በመሐንዲስ ስሌት ይወሰናል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከውጭ ለክቶ ይዘት ማስላት ነው። ውጭው 2 ሜትር ሆኖ ግድግዳው፣ ወለሉና ክዳኑ 15 ሴንቲሜትር ቢወፍሩ፣ ከሁለቱም ወገን ሲቀነስ ውስጡ 1.70 ሜትር ይቀራል፤ ይዘቱም 4,913 ሊትር ብቻ ነው። ከ3,000 ሊትር በላይ የሚሆነውን ቦታ የያዘው ኮንክሪቱ ነው! ውል ከመፈረማችሁ በፊት ፕላኑ ላይ ያለው ልኬት የውስጥ ይሁን የውጭ አጥብቃችሁ ጠይቁ።