«እኔ ጋ ይሠራል!» የሶፍትዌር ባለሙያዎች ንትርክና መፍትሔው

በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ አዲስ ባለሙያ ተቀጠረ እንበል፡፡ ሰኞ ጠዋት ላፕቶፕ ይሰጠዋል፡፡ ማክሰኞ ዳታቤዝ ይጭናል፡፡ ረቡዕ የጫነው ዳታቤዝ ድርጅቱ ከሚጠቀምበት የተለየ ቨርዥን መሆኑ ይነገረውና አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፡፡ ሐሙስ የጎደለውን ለማወቅ ነባር ባልደረቦቹን ሲጠይቅ ይውላል፡፡ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ ይነሣለታል፡፡ አንድ ሙሉ ሳምንት አለፈ፤ አንድም መስመር ኮድ ግን አልተጻፈም፡፡

ችግሩ በዚህ አያበቃም፡፡ ከወር በኋላ ይኸው ባለሙያ የሠራው ሥራ ወደ ደንበኛው ሰርቨር ሲዛወር አልንቀሳቀስ ይላል፡፡ ባለሙያው ሲጠየቅ «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል፡፡ እውነቱን ነው፤ እሱ ጋ ይሠራል፡፡ የእሱ ላፕቶፕና የደንበኛው ሰርቨር ግን አንድ ዓይነት አይደሉም፡፡ ሁለቱም የተዘጋጁት በእጅ፣ በተለያየ ቀንና በተለያየ ሰው በመሆኑ ልዩነቱ የት እንዳለ በቀላሉ አይታወቅም፡፡

አበው «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ፡፡ የኮምፒዩተር ዝግጅት ሙያ በአንድ ሰው ልብ ብቻ ሲቀመጥ ግን ሰውየው ሥራ የለቀቀ ዕለት ሙያውም አብሮት ይወጣል፡፡ መፍትሔው በልብ ያለውን ወደ ጽሑፍ ማውረድ ነው፡፡ ይህም ጽሑፍ ሰው የሚያነበው ብቻ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ራሱ አንብቦ የሚፈጽመው መሆን አለበት፡፡

ቨርቹዋል ማሽን ምንድን ነው?

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ እውነተኛ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒዩተር ነው፡፡ የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የራሱ ሜሞሪና የራሱ ሃርድ ዲስክ ይኖረዋል፡፡ ዊንዶውስ በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ፣ ዊንዶውሱን ሳይነኩ፣ ሊኑክስ የሚሠራ ሙሉ ሰርቨር ማስነሣት ይቻላል ማለት ነው፡፡

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፡፡ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በግዙፍ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ሞክሮት በ1972 ቪኤም/370 በሚል ስም ለገበያ አቅርቦታል፡፡ በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር በቀጣዩ ዓመት ወደ ተራ የግል ኮምፒዩተር አወረደው፡፡ ኢንቴል በ2005፣ ኤኤምዲ በ2006 ይህንኑ ሥራ የሚያግዝ ብልሃት በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ካካተቱ በኋላ አሠራሩ ይበልጥ ቀለለ፡፡ ኢኖቴክ የተባለ የጀርመን ኩባንያ የሠራው ቨርቹዋል ቦክስ ደግሞ በነፃ የሚገኝ በመሆኑ በብዙ ባለሙያዎች እጅ ገባ፡፡ ኩባንያውን በ2008 ሰን ማይክሮሲስተምስ፣ ሰንን ደግሞ በ2010 ኦራክል ስለገዙት ቨርቹዋል ቦክስ ዛሬ የኦራክል ንብረት ነው፡፡

ይሁን እንጂ ቨርቹዋል ማሽን መኖሩ ብቻውን ንትርኩን አላስቀረም፡፡ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ ዳታቤዙንና ኔትወርኩን በእጅ የሚያዘጋጅ ሰው እስካለ ድረስ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ማሽን አያወጡም፡፡

ከእጅ ሥራ ወደ ጽሑፍ

እ.ኤ.አ. በ2010 ሚቼል ሃሺሞቶ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ባለሙያ ቫግራንት የተሰኘውን መሣሪያ ለሕዝብ አቀረበ፡፡ በ2012 ደግሞ ከአርሞን ዳድጋር ጋር ሃሺኮርፕን መሠረተ፡፡ ቫግራንት ራሱ ቨርቹዋል ማሽን አይፈጥርም፡፡ ሥራው እንደ ቨርቹዋል ቦክስ ላሉት ፕሮግራሞች ትእዛዝ መስጠት ነው፡፡

አሠራሩ ቀላል ነው፡፡ በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ «ቫግራንትፋይል» የሚባል አንድ አጭር ጽሑፍ ይቀመጣል፡፡ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አራት ነገሮች ይገለጻሉ፡፡ አንደኛ፣ ማሽኑ የሚነሣበት መነሻ ቅጂ የትኛው ነው? ይህ «ቦክስ» ይባላል፤ ለምሳሌ ኡቡንቱ ሊኑክስ የተጫነበት ሊሆን ይችላል፡፡ ሁለተኛ፣ ምን ያህል ሜሞሪና ስንት ፕሮሰሰር ይመደብለት? ሦስተኛ፣ በኔትወርክ ከላፕቶፑ ጋር እንዴት ይገናኝ? አራተኛ፣ ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ምን ምን ይጫንበት? ለዚህ ለአራተኛው ተራ የሊኑክስ ትእዛዞችን መደርደር ወይም እንደ አንሲብል ባለ መሣሪያ መጠቀም ይቻላል፡፡

ከዚያ በኋላ አዲሱ ተቀጣሪ «ቫግራንት አፕ» የሚል አንድ ትእዛዝ ይሰጣል፡፡ ቦክሱ ይወርዳል፣ ማሽኑ ይነሣል፣ ዳታቤዙ በትክክለኛው ቨርዥን ይጫናል፡፡ «ቫግራንት ዲስትሮይ» ሲባል ደግሞ ማሽኑ ይጠፋል፡፡ ኮዱ ግን አይጠፋም፤ የፕሮጀክቱ ፎልደር ያለው በላፕቶፑ ላይ ሲሆን ማሽኑ የሚያየው በጋራ ነው፡፡

ዋናው የአስተሳሰብ ለውጥ እዚህ ላይ ነው፡፡ ከእንግዲህ የሚጠበቀው ማሽኑ ሳይሆን ጽሑፉ ነው፡፡ ጽሑፉ ከኮዱ ጋር በጊት ስለሚቀመጥ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይታያል፡፡

ለሙከራ ያለው ጥቅም

ከአገራችን ሁኔታ አንድ ምሳሌ እንውሰድ፡፡ የደመወዝ ወይም የብድር ወለድ ሶፍትዌር የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚከተል ከሆነ ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት በትክክል መሥራቱ መረጋገጥ አለበት፡፡ ይህ የሚያጋጥመው በአራት ዓመት አንዴ ነው፡፡ ቀኑ እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም፤ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር ሰዓት መለወጥም አደገኛ ነው፡፡

በቨርቹዋል ማሽን ግን የማሽኑን ሰዓት ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መመለስ ይቻላል፡፡ ይህ ቀን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፡፡ ሶፍትዌሩ መስከረም 1 ቀን 2016 ካለ ተሳስቷል፤ የዓመቱ መባቻ የዋለው በማግስቱ ነውና፡፡ ሙከራው ሲያልቅ ማሽኑ ይጠፋል፡፡ ለቀጣዩ ሙከራ አዲስ፣ ንጹሕ ማሽን ይነሣል፡፡ እዚህ ላይ ቨርቹዋል ቦክስ የማሽኑን ሰዓት ከላፕቶፑ ጋር የሚያስተካክልበት አሠራር ስላለው ከሙከራው በፊት ይህን መዝጋት ያስፈልጋል፡፡

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

አንደኛ፣ ቨርዥን በቁጥር ይጻፍ፡፡ «የመጨረሻውን ጫን» የሚል ጽሑፍ ዛሬና ከስድስት ወር በኋላ የተለያየ ማሽን ስለሚያወጣ ወደ ቀድሞው ንትርክ ይመልሰናል፡፡

ሁለተኛ፣ የይለፍ ቃል በጽሑፉ ውስጥ አይቀመጥ፡፡ የደንበኞች እውነተኛ መረጃም ለሙከራ ተብሎ በየላፕቶፑ አይገልበጥ፡፡

ሦስተኛ፣ በማሽኑ ውስጥ ያለ ዳታቤዝ ከማሽኑ ጋር ይጠፋል፡፡ ሊቆይ የሚገባው ነገር በውጭ ይቀመጥ፡፡

አራተኛ፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ እያንዳንዱ ሰው ቦክሱን ለየብቻው ማውረድ የለበትም፡፡ አንድ ሰው አውርዶ በቢሮው ኔትወርክ ወይም በፍላሽ ዲስክ ለሌሎች ማካፈል ይችላል፡፡

አምስተኛ፣ የላፕቶፑ አቅም ይታይ፡፡ 8 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ባለው ላፕቶፕ ላይ እያንዳንዳቸው 4 ጊጋ ባይት የሚፈልጉ ሦስት ማሽኖች አብረው አይነሡም፡፡ ቦክሱም ከፕሮሰሰሩ ዓይነት ጋር መግጠም አለበት፡፡ አፕል ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ባወጣቸው ኮምፒዩተሮች ያስገባው ፕሮሰሰር ከኢንቴል የተለየ በመሆኑ ለኢንቴል የተዘጋጀ ቦክስ በቀጥታ አይሠራባቸውም፡፡

ዶከር ካለስ?

በ2013 ይፋ የሆነው ዶከር ለብዙ ሥራዎች ቨርቹዋል ማሽንን ተክቷል፡፡ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ሙሉ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አያስነሣም፤ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት በጋራ ይጠቀማል፡፡ በዚያው ምክንያት ግን የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት ራሱን መለወጥ ለሚጠይቅ ሙከራ፣ ወይም በሊኑክስ ላፕቶፕ ላይ የዊንዶውስ ሰርቨር ለሚፈልግ ሥራ፣ ቨርቹዋል ማሽን አሁንም ያስፈልጋል፡፡

ስለ ፈቃድም አንድ ነገር መታወቅ አለበት፡፡ ሃሺኮርፕ በኦገስት 2023 የምርቶቹን የአጠቃቀም ፈቃድ ለውጧል፡፡ ቫግራንትን ለራሱ ሥራ የሚጠቀም ድርጅት አይከለከልም፤ ገደቡ የሚመለከተው ከኩባንያው ጋር የሚወዳደር ምርት አድርጎ የሚያቀርበውን ነው፡፡ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ሃሺኮርፕን አይቢኤም ጠቅልሎታል፡፡ ቨርቹዋል ማሽንን በ1960ዎቹ የጀመረው ኩባንያ ከስድሳ ዓመት በኋላ የቫግራንትም ባለቤት ሆኗል፡፡

መሣሪያው ይህም ይሁን ሌላ፣ ለሶፍትዌር ክፍል ኃላፊዎች አንድ ፈተና እናቅርብ፡፡ ነገ ጠዋት የዋናው ባለሙያ ላፕቶፕ ቢሰረቅ የሥራ ማሽኑን መልሶ ለማቆም ስንት ሰዓት ይፈጃል? መልሱ «እሱን መጠየቅ አለብን» ከሆነ ሙያው ገና በልብ ነው ያለው፡፡